በዞረው መንገድ ወደ አዲስ አበባ

ዳላስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ የሚኖር አበሻ «ልሄድ ነው» ካለ «ወዴት?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጥያቄው «በየት በኩል?» ነው። በዶሃ፣ በዱባይ፣ በኢስታንቡል፣ በፍራንክፈርት፣ ወይም ዋሽንግተን ድረስ በአገር ውስጥ በረራ ሄዶ ከዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ። ግሪንቪል ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ መደብሮች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ እንጀራ የሚገዛ ሰው ሁሉ በዚህ ጉዳይ ሊቅ ነው። ማን ሁለት ሻንጣ እንደሚፈቅድ፣ የት አገር አግዳሚ ወንበር ላይ እንደሚታደር፣ የትኛው ኤርፖርት ለአረጋዊ ዊልቸር ቶሎ እንደሚያመጣ ያስረዳል። እዚህ ሰፈር ዕረፍት ማለት አገር ቤት ነው። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው የዕረፍት ቀን፣ በኦቨርታይም የተገኘው ገንዘብ፣ ለዘመድ የተገዛው ጫማና የስኳር መድኃኒት ተጠቅልሎ ወደዚያው ነው የሚሄደው።

ባለፈው ክረምት የእኛ ቤተሰብና ጎረቤቶቻችን የሆኑ ባልና ሚስት መንገዱን አዞርነው። ከዳላስ ወደ ምዕራብ ተነሥተን፣ ፓስፊክን ተሻግረን ቶኪዮ፤ ከቶኪዮ ሶል፤ ከሶል በራሳችን አየር መንገድ አዲስ አበባ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከናሪታ ተነሥቶ፣ ኢንቾን አርፎ ቦሌ የሚገባ በረራ እንዳለው ብዙ የዳላስ ሰው አያውቅም። ለእኔም የነገረኝ ጎረቤቴ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነት እስኪወርድለት ቆሞ ሲጠብቅ በስልኩ የማይፈትሸው ነገር የለም።

ሰበቡ ግን እናቴ ናት። ያደገችው አዲስ አበባ፣ ኮሪያ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከኮሪያ ዘመቻ ተመልሰው እዚያ ከሰፈሩት ወታደሮች ነው፤ አጎቷም ከእነሱ አንዱ ነበሩ፣ የክቡር ዘበኛ ሰው። ቃኘው የሚለውን የሻለቃቸውን ስም የሰማችው ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው፣ ከአጥር ማዶ፣ ሽማግሌዎች ጠላ ይዘው ሲጨዋወቱ። እኛ ጋ ከመጣች ጀምሮ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ «ኮሪያ ሰፈር አድጌ ኮሪያን ሳላያት ልሙት?» ትላለች። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የምንሰማት። ጎረቤቶቻችን ናቸው ቁም ነገር ያደረጉት። እቁብ ጣልን፤ ዕጣው ሲዞር ለቤት ዕቃ ወይም ለመኪና ቅድመ ክፍያ ሳይሆን ለትኬት እንዲውል ተማማልን።

እውነቱን ለመናገር እስያ ቀድማ ወደ እኛ መጥታለች። ሌክ ሃይላንድስ ከዳላስ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከዋይት ሮክ ሐይቅ በላይ ያለ ሰፈር ነው። ሐይቁ ራሱ በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለከተማው የመጠጥ ውሃ ተብሎ ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ነው። በሐይቁ በኩል የጡብ ቤቶችና ትልልቅ የኦክ ዛፎች አሉ፤ ወደ ኦዴልያና ወደ ፎረስት ሌን ሲኬድ ደግሞ የአፓርታማው መንደር ይጀምራል። እዚያ የእኛ ሰው ከኤርትራዊው፣ ከበርማው ስደተኛ፣ ከኔፓልኛ ተናጋሪው ጋር ደረጃ ይጋራል። ልጄ ኳስ የሚጫወተው ከበርማ ልጆች ጋር ነው። በኤልቢጄ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ትንሽ ከተነዳ ሮያል ሌን ላይ የዳላስ ኮሪያ ታውን አለ። እናቴ ጎመንና ቃሪያ የምትመርጠው ከኮሪያዊ መደብር ነው፤ ከባለቤቲቱ ጋር ቋንቋ ሳይኖራቸው በዋጋ ይከራከራሉ።

ነገሩ ሲታይ አበሻ እስያን ያውቃታል። ያለ ጉዳይ ግን ሄዶባት አያውቅም። ኢየሩሳሌም ለመሳለም ይሄዳል፤ መነኮሳቱ ዴር ሱልጣን ላይ፣ ከጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ስንት ዘመን ኖረዋል። ዱባይና ጓንጆ ለዕቃ ይሄዳል። ባንኮክ ለሕክምና ይሄዳል፤ ኩላሊትና ልብ ሲባል «ባንኮክ ውሰዱት» የሚለው ምክር አሁንም ከአዲስ አበባ አልጠፋም። ከሁሉም የሚበዛው ግን ለሥራ የሚሄደው ነው። ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ኩዌት የሄዱትን እህቶቻችንን የጉዞ ጸሐፊ አይቆጥራቸውም እንጂ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስያ ከሄደው ሰው ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።

የጎረቤቴ ሚስት ከእነሱ አንዷ ናት። ቴክሳስ መጥታ የነርስ ረዳት ከመሆኗ በፊት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታለች። «እስያን አውቃታለሁ» ትላለች፣ «በኩሽና መስኮት።» አሠሪው ፓስፖርቷን ይዞ ስለኖረ፣ ዛሬም ኤርፖርት ላይ ፓስፖርቷን ለባሏ እንኳ አትሰጥም፤ ደረቷ ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ነው የምትይዘው። ቶኪዮም ሶልም በየሆቴሉ ጠዋት ከመውጣታችን በፊት አልጋውን ታነጥፋለች፣ ብርጭቆውን አጥባ ትደፋለች። ባሏ «ለዚህ ነው የከፈልነው እኮ» ሲላት «የምትመጣው ሴትዮ ጀርባ የላትም?» ብላ ዝም ታሰኘዋለች። ከሁላችንም በላይ በጉዞው የተደሰተችው እሷ ናት። ባቡር ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ሜዳውን ስታይ ዋለች።

ያለ ጉዳይ አለመሄዱ የቆየ ነገር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓን የሄዱት መንግሥት ልኳቸው ነው። ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት በአመዛኙ የተቀዳው ጃፓን በ1889 ካወጣችው ነው። የዚያ ዘመን ምሁር ጃፓንን የሚያያት ሳትገዛ የሠለጠነች አገር አድርጎ ነው፤ እኛም እንዲያ እንሆናለን ብሎ። የኅሩይን መጽሐፍ ስልኬ ላይ ፎቶ አንሥቼ ይዤ ነበር። ቶኪዮ ባቡር ውስጥ ቆሜ ላነብ ሞከርኩ፤ የሰዉ ብዛት አላስቻለኝም።

ከመሄዳችን በፊት የቪዛው ጣጣ ነበር። እኛና ልጆቹ ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘን ጃፓንም ኮሪያም ያለ ቪዛ እንገባለን። እናቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ለሁለቱም አገር ቪዛ ይጠይቃል። የጃፓን ቆንስላ ያለው ሂውስተን ነው፣ አራት ሰዓት መንገድ። የባንክ ወረቀት፣ የሆቴል ማስያዣ፣ የየቀኑ የጉዞ ዝርዝር፣ ማን እንደሚከፍልላት የሚገልጽ ደብዳቤ አዘጋጀን። አጎቷ ወደ ሰው አገር የተላኩት በመድፍ ዘመን ነው፤ ያኔ ቪዛ የጠየቀ አልነበረም። ይህን ስላት «እሱ እንኳ ጠመንጃ ይዞ ነው የገባው፣ እኔ ሽሮ ይዤ» አለች።

ሽሮውን የምሯን ነው። የሰኔ ጾም ላይ ነበርን፤ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ሻንጣዋ ውስጥ ነበር። ቶኪዮ ለጾመኛ ቀላል ከተማ አይደለችም። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ሁሉ መሠረቱ የደረቀ ዓሣ ነው፤ አስተናጋጁን «ሥጋ የለውም?» ብትለው «የለውም» ይላል፣ ዓሣውን ግን አይቆጥረውም። በመጨረሻ ያዳናት ሱፐርማርኬት ሳይሆን በየመንገዱ ጥግ ያለው ትንሹ ሱቅ ነው። እዚያ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይሸጣል፤ መሐሉ ላይ ኡሜቦሺ የሚሉት በጨው የተጨማደደ ኮምጣጣ ፍሬ አለ። መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች። በማግስቱ ራሷ ሄዳ ገዛች፣ እንዴት ከፍላ እንደመጣች እስካሁን አልገባኝም። ልጆቹ ፊት ለፊቷ ራመን ሲበሉ «እግዜር ይይላችሁ» ትላቸዋለች።

ቶኪዮ ውስጥ ለማየት የፈለግነው አበበ ቢቂላ የሮጠበትን ነበር። አበበ በጥቅምት 1964 ጨርሶ የገባበት ብሔራዊ ስታዲየም የለም፤ ፈርሶ በቦታው ሌላ ተሠርቷል፣ በ2019 ያለቀው። መንገዱ ግን አለ። ሩጫው ከስታዲየሙ ወጥቶ ኮሹ ካይዶ በሚባለው ጎዳና ወደ ምዕራብ ይሄድና ቾፉ ከተማ ውስጥ ቶቢታክዩ የሚባል ቦታ ሲደርስ ዞሮ ይመለሳል። መዞሪያው ላይ ምልክት ቆሟል። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ባቡር ተሳፍረን ሄድን።

ቦታው የሚያምር አይደለም። ሰፊ ጎዳና ነው፤ መኪና ሳያቋርጥ ይነጉዳል፣ ሙቀቱ የዳላስን ያህል ሆኖ እርጥበት ተጨምሮበታል፣ ዛፍ ላይ ያሉት ነፍሳት ጆሮ እስኪያደነቁሩ ይጮኻሉ። ምልክቱ ዳር ላይ ነው፤ የማያውቅ ሰው አልፎት ይሄዳል። አበበ እዚህ ሲዞር ከሌላው ሰው መለየት ጀምሮ ነበር። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ገና ወር ከምናምን ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ነበር፣ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጓል። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሆኖ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ነው፣ ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው የመጣው። እስኪመጣ ድረስ አበበ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን እያፍታታ ስፖርት ይሠራል። በማራቶን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ኦሊምፒክ ያሸነፈ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሜዳሊያው ሲሰጠው የማርሽ ባንዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላልያዘ የጃፓንን ተጫወተ ይባላል።

ልጄ ሃይስኩል ውስጥ የአገር አቋራጭ ሯጭ ነው። ምልክቱን ፎቶ አንሥቶ ሲያበቃ «ወደ ስታዲየሙ ሮጬ ልመለስ» አለ። ወደ 21 ኪሎ ሜትር ነው። እናቱ በዚያ ሙቀት መቼ ትለቀዋለች፤ ተደራድረው እስከ ቾፉ ጣቢያ ተስማሙ። እኛ በባቡር ቀድመን ደረስን። ላብ አጥምቆት፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣና ሌላ ነገር ሳይናገር «በመብራት በመብራት አስቆሙኝ» አለ። አያቱ «አበበንስ ማን ያስቆመው» ብላ መሐረቧን ሰጠችው።

ሶል ስንገባ ዝናብ ነው። የኮሪያ ክረምት ልክ እንደኛው በሐምሌ ነው የሚዘንበው፤ እናቴ ከአውሮፕላን እንደወረደች ነጠላዋን ተከናንባ «ይኸው፣ አዲስ አበባ ደረስን» አለች።

ዮንግሳን የሚባል ሰፈር ውስጥ የኮሪያ የጦርነት መታሰቢያ አለ፤ ትልቅ ሙዚየም ነው። በግራና በቀኝ ባሉት ረጃጅም መተላለፊያዎች የሞቱት ሰዎች ስም በየሰሌዳው ተቀርጿል፣ የኮሪያውያኑም፣ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር የዘመቱትም በየአገራቸው። ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1951 ነው። ከጅቡቲ በመርከብ ተጭኖ በግንቦት ቡሳን ደረሰ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመደበ። ስሙ የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። በተከታታይ አምስት ዙር ከ6 ሺህ በላይ ሰው ሄዷል። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ለምን ሄዱ የሚል ጥያቄ ልጆቼ ጠይቀውኛል። ጃንሆይ በ1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው ለተወረረች አገራቸው የጮኹትን ዓለም አልሰማቸውም፤ ሌላ አገር ሲወረር «አንድ ላይ እንከላከል» የሚለው ቃል ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር የፈለጉ መሪ ነበሩ። ሌላም ስሌት ነበረበት፣ ከአሜሪካ መሣሪያና ወዳጅነት። ለልጆቼ ሁለቱንም ነገርኳቸው።

የእናቴ አጎት በሕይወት ተመልሰዋል። ስለ ጦርነቱ ግን የሚያወሩት ስለ በረዶውና ስለ አንድ ጓደኛቸው ብቻ ነበር፣ ሌሊት ጥበቃ ላይ አጠገባቸው ስለወደቀ ልጅ። እናቴ የጓደኛቸውን ስም ታውቃለች፣ የአባቱን ግን አታውቅም። ሰሌዳው ላይ ስሞቹ የተጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ማንበብ አልቻለችም። ልጄ አጠገቧ ቆሞ ከላይ ጀምሮ ጮክ ብሎ ማንበብ ያዘ፣ በሌክ ሃይላንድስ አፉ። ስም በጠራ ቁጥር ታርመዋለች፤ «እንዲያ አይደለም፣ ጠበቅ አድርገው»፣ «እሱ የጎጃም ስም ነው፣ ላላ በል» እያለች። እሱም ደግሞ ይጠራል። የፈለገችው ስም ከአንድ በላይ ሆኖ መጣ። የትኛው እንደሆነ ማወቂያ የለም። አንገቷን ነቅንቃ «ቀጥል» አለችው፤ ዝርዝሩ እስኪያልቅ አስነበበችውና ለሁሉም ነፍስ ይማር አለች። የሙዚየሙ ጥበቃ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ከሩቅ ቆሞ ሲያየን ቆየና ወንበር አምጥቶ ሰጣት።

አስከሬኖቹ ኮሪያ ውስጥ የሉም፤ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በሕይወት የተመለሱትን ግን አገራቸው በደንብ አልያዘቻቸውም። ከ1974 በኋላ ደርግ ወዳጅነቱን ከሰሜን ኮሪያ ጋር አደረገ፤ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያለው የትግላችን ሐውልት እንኳ የሰሜን ኮሪያ እጅ አለበት። በደቡብ በኩል የተዋጋ ሰው ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚወጣበት ጊዜ አልነበረም። የእናቴ አጎት የእሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጎተራ ውስጥ ከተቱት። ከዓመታት በኋላ አፍንጮ በር መታሰቢያ ሲቆም አውጥተው አደረጉት።

ቹንቾን ከሶል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ከተማዋ ሐይቅ ዳር ናት፤ በ2004 ከአዲስ አበባ ጋር እህትማማች ከተማ ሆናለች። ጃንሆይ በ1968 ራሳቸው መጥተው የኢትዮጵያ ዘማቾችን ሐውልት መረቁ። ከሐውልቱ ማዶ በዚያው ዓመት አንድ ቡና ቤት ተከፈተ፣ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል፣ ጃንሆይ ስም ያወጡለት፤ ፍሬ ቡናም ከቤተ መንግሥት ይላክለት ነበር፣ እስከ አብዮቱ። በ2007 ደግሞ የመታሰቢያው ሙዚየም ተሠራ፤ ጣሪያው ሦስት ጎጆ ጎን ለጎን የቆመ ይመስላል። ኮሪያ ውስጥ በዝናብ መሐል ጎጆ ቤት ማየት ትንሽ ያዞራል።

እናቴ ቡናውን ቀምሳ ፍርዷን ሰጠች፦ «ቡናው የኛ ነው፣ ቆላዪው የኛ አይደለም።» በሁለተኛው ስኒ ለዘብ አለች። ዕለቱ ሐምሌ 5 ነበር፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ጾሙ የሚፈታበት። ቹንቾን የምትታወቀው ደግሞ በዶሮ ነው፤ ዳክጋልቢ ይሉታል። ዶሮው ተቆራርጦ በቀይ ቃሪያ ድልህ ተለውሶ፣ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋር ገበታው መሐል ባለ ሰፊ ምጣድ ላይ ይጠበሳል፤ ሁሉም ከአንድ ምጣድ ይበላል። አስተናጋጇ ማማሰያውን ይዛ ስታገላብጥ እናቴ ዓይኗን ከእጇ አልነቀለችም። የጎረቤቴ ሚስት ማማሰያውን ተቀብላ ልትረዳት ተነሣች፤ አስተናጋጇ ሳቀችና ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጄ አጎረሰች። ከዚያ እሷ ቀመሰች። «በርበሬው ስኳር በዝቶበታል» አለች፣ ግን ምጣዱ እስኪነጣ በላች።

ኢንቾን ኤርፖርት ላይ አዲስ አበባ የሚል ሰሌዳ ያለበት ሰልፍ ከሩቅ ይታወቃል፤ በፕላስቲክ ገመድ የታሠረ ካርቶን ይበዛዋል። ከፊታችን የነበረችው ነጋዴ ከዶንግዴሙን ገበያ ልብስና የፊት ቅባት ጭና ነበር። ዞር ብላ ባለቤቴን «ለዕቃ ነው የመጣችሁት?» አለቻት። አይደለም። ዊልቸር ላይ ያለችውን እናቴን አየች። «ለሕክምና?» አይደለም፣ ደህና ናቸው። «ታዲያ?» ባለቤቴ «እንዲሁ ለመዝናናት» ስትላት ሴትዮዋ የሰማችውን ያመነች አትመስልም።

«ለቅሶ ደርሰን ነው ልጄ» አለች እናቴ።

የሴትዮዋ ፊት ወዲያው ተለወጠ። «ውይ! ማን ሞቶብዎት ነው እማማ?»

«የአጎቴ ጓደኛ።»

«መቼ?»

«እሱማ ቆየ። በጃንሆይ ጊዜ ነው።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «ነፍስ ይማር» ብላ እጇን ሳመቻትና ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ታሪኩን አስነገረቻት። ተራችን ሲደርስ ግን «ሻንጣችሁ ሞልቷል እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ። የሰው ዕቃ አልይዝም አልኩ። እናቴ ለቅሶ የደረሰን ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል ብላ ተቆጣች። ነገሩን የፈታው ጎረቤቴ ነው፤ ያላየውን ጭነት ጭኖ እንደማያውቅ ነግሯት ካርቶኑን አስከፈተ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ አንድ በአንድ አየ፤ የፊት ማስክ ብቻ ነው። ስድስት ኪሎ ወሰደላት። እሷም አመስግና ስልክ ቁጥሯን ጻፈችለትና «በሚቀጥለው ባንኮክ ኑ» አለችን፤ «እዚያ ዕቃው ይረክሳል።»